ከአውሎ ነፋስ በኋላ፦ ለማጽዳት ከመቸኮላችን በፊት



በምንኖርበት በእንግሊዝ አገር ስለ ዛፍና ስለ አትክልት አያያዝ ዛሬ ከሚታወቀው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል የተገኘው ከሁለት ክፉ ነፋሶች በኋላ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1987 በሌሊት፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1990 በጠራራ ቀን መጣ። ዛሬ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለእኛም ስለሚጠቅም፣ ታሪኩን በአጭሩ አዘጋጅተናል።

ከኦክቶበር 15 ለ16 አጥቢያ 1987 ደቡብ እንግሊዝን የመታው ነፋስ፣ በባሕር ዳር በምትገኘው በሾራም ከተማ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ነበረው። በእንግሊዝ 18 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ዛፎች ወደቁ። ይህን ያህል ዛፍ እንዲወድቅ ያደረገው የነፋሱ ብርታት ብቻ አልነበረም። ቅጠሉ ገና ስላልረገፈ ነፋሱን እንደ ሸራ ይይዘው ነበር። ቀደም ባሉት ቀናት ብዙ ዝናብ ስለ ጣለም መሬቱ ርሶ ሥሩን አጥብቆ መያዝ አልቻለም። በኬንት የምትገኘው፣ ስሟ «ሰባት ኦኮች» ማለት የሆነው የሰቨኖክስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 በክሪኬት ሜዳዋ ከተተከሉት ሰባት የኦክ ዛፎች ስድስቱን በአንድ ሌሊት አጣች።

በማግስቱ የሁሉም ሰው ሐሳብ ማጽዳት ነበር። መንገድና የባቡር ሐዲድ የዘጋውን ማንሳት በእርግጥ ግድ ነው። ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። በብዙ ጫካና መናፈሻ ከባድ ማሽን ገብቶ የወደቀውንም ያዘነበለውንም አንድ ላይ ቆርጦ አወጣ። ማሽኑ እርጥቡን መሬት እየረገጠ አጠነከረው፤ ከሥር ብቅ ሊል የነበረውን ቡቃያም ጨፈለቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከነፋሱ ይልቅ ጽዳቱ የበለጠ ጉዳት አደረሰ። የእንግሊዝን ጫካዎች ታሪክ በማጥናት የታወቁት ኦሊቨር ራካም የወደቀ ዛፍ ሁሉ የሞተ ዛፍ እንዳልሆነ አጥብቀው ያስረዱ ነበር። የሥሩ አንድ ወገን አፈር ውስጥ ከቀረ፣ ዛፍ ተጋድሞም ያቆጠቁጣል። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በኬንት በሚገኘው በቶይስ ሂል ጫካ አንዱን ክፍል ሆን ብሎ ሳያጸዳ ተወው። በዚያ ክፍል ማንም ሳይተክል አዲስ ችግኝ በራሱ በቀለ።

ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን ለንደን ውስጥ ባለው በታዋቂው የእጽዋት መናፈሻ በኪው ጋርደንስ ነው። ኪው በዚያ ሌሊት 700 ያህል ዛፎች አጣ። በሱሴክስ የሚያስተዳድረው ዌክኸርስት ደግሞ ወደ 20,000 የሚጠጉ ዛፎች ወደቁበት። በኪው እ.ኤ.አ. በ1798 የተተከለ ተርነርስ ኦክ የሚባል ትልቅ ዛፍ አለ። ይህ ዛፍ ከነፋሱ በፊት ጤናው የተጓደለ ነበር። ነፋሱ ከነሥሩና ከነአፈሩ ብድግ አድርጎ መልሶ እዚያው አስቀመጠው። ሠራተኞቹ ሌላ ብዙ አስቸኳይ ሥራ ስለ ነበረባቸው፣ ዛፉን በድጋፍ አቁመው ተራው እስኪደርስ ተዉት። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለሱ፣ ይሞታል የተባለው ዛፍ ለብዙ ዓመት ያላሳየውን ጥሩ ዕድገት አሳይቶ አገኙት።

ለረጅም ዓመታት የኪው ዛፎች ኃላፊ የነበሩት ቶኒ ኪርካም ምክንያቱን ከአፈሩ አገኙት። በየዓመቱ የሚመጣው ጎብኚ በዛፉ ሥር ሲመላለስ አፈሩን እንደ ወለል አጠንክሮት ነበር። ውሃም አየርም ወደ ሥሩ አይደርስም ነበር። ነፋሱ ዛፉን ሲያነሣው ያ የጠጠረ አፈር ላላ፤ ሥሩም ተነፈሰ። ከዚያ ወዲህ በኪው ያረጁ ዛፎች ሲደክሙ፣ በሥራቸው ዙሪያ ያለውን አፈር በአየር ግፊት መሣሪያ ማላላትና ጉዝጓዝ ማልበስ የተለመደ ሥራ ሆነ። ከተነቀሉት ዛፎች ሌላም ነገር ታየ። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር እንደ ግንዱ ቁመት ወደ ታች የሚወርድ ይመስለው ነበር። የተገለበጡት ሥሮች ሲታዩ ግን አብዛኞቹ ወደ ጎን የተዘረጉና ጥልቀት የሌላቸው ሆነው ተገኙ። የዛፉ ሕይወት ያለው እኛ በምንረግጠው በላይኛው አፈር ነው ማለት ነው።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የመጣው ሁለተኛው ነፋስ በብርዱ ወራት መካከል ነበር። ቅጠሉ ረግፎ ስለ ነበረ የወደቀው ዛፍ ወደ ሦስት ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነው። የሞተው ሰው ግን በዝቶ 47 ደረሰ፤ ሰዉ በሥራና በመንገድ ላይ ሳለ በቀን ስለ መጣ። ከዚህ የሚቀረው ትምህርት አንድ ነው፦ ከዛፉ በፊት ሰው። የተሰበረ ቅርንጫፍ ከላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ ወይም የመብራት ሽቦ ተበጥሶ እያለ ማንም ለጽዳት አይገባም።

ሌላው ትምህርት ስለ አቆራረጥ ነው። በቀድሞ ጊዜ የተሰበረ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር እኩል ይቆረጥና ቁስሉ ሬንጅ ወይም ቀለም ይቀባ ነበር። በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበሩት አሌክስ ሺጎ እጅግ ብዙ ዛፎችን እየሰነጠቁ ውስጣቸውን መርምረው፣ ይህ ልማድ ዛፉን እንደሚጎዳ አሳዩ። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም፤ በአጥር ከልሎ ይለየዋል። አጥሩን የሚሠራበት ቦታ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ስፍራ ያለው እብጠት ነው። ስለዚህ ከእብጠቱ ወጣ ብሎ በጥርት ያለ መጋዝ መቁረጥና ሳይቀቡ መተው ይሻላል።

ታሪኩ ደጋፊዎቻችንንም የሚመለከት ክፍል አለው። ዲሴምበር 26 ቀን 1999 በፈረንሳይ ያለፈው አውሎ ነፋስ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት መናፈሻ ወደ 10,000 የሚጠጉ ዛፎችን በጥቂት ሰዓት ጣለ። መናፈሻው እንደገና ሲተከል፣ ከመንግሥት ገንዘብ ሌላ ከብዙ አገር የመጡ ግለሰቦች በስማቸው ዛፍ እያሳደጉ ረድተዋል። ዛፍ የሰጠ ሰው ጥላውን ለማየት ብዙ ዓመት እንደሚጠብቅ ያውቃል። ያም ሆኖ ሰጠ።

ይህን ሁሉ ያነበብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ በብርዱ ወራት የመጣው ነፋስ ከካውንስሉ የተከራየነውን የአትክልት ቦታ ጎድቶታል። የዕቃ ማስቀመጫው ጣሪያ ተገንጥሏል፤ ጎመኑ ተጋድሟል፤ መሥራች እናቶቻችን የተከሉት የፖም ዛፍም ሥሩ በአንድ ወገን ተነሥቶ ወደ አጥሩ አዘንብሏል። በስብሰባችን አንዳንዶቻችን ዛፉ ይቆረጥ፣ ደጋፊዎቻችን ለጉብኝት ሳይመጡ ቦታው ንጹሕ ይሁን ብለናል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እንግዳ የሚቀበል ሰው ቤቱን ያሰናዳል። ሌሎቻችን ግን የዛፉ ግማሽ ሥር አሁንም መሬት ውስጥ እንዳለ አይተን፣ ዕድል ይሰጠው ብለናል። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ የተስማማነው ቀጥሎ ባለው ነው።

አንደኛ፣ መሬቱ እስኪጠነፍፍ ድረስ በሳንቃ ላይ እንጂ በአፈሩ ላይ አንመላለስም። ሁለተኛ፣ የፖም ዛፉ የተጋለጠ ሥር በብርድና በነፋስ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል፤ በቀስታ ቀና ተደርጎ፣ አፈር ለብሶ፣ ከግንዱ ዝቅ ብሎ በካስማ ይታሰራል። ማሰሪያው ሰፊና ላላ ያለ ይሆናል፤ ግንዱ ጥቂት እየተወዛወዘ ራሱን እንዲያጠነክር ነው። ጉዝጓዙም ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ይነጠፋል። ሦስተኛ፣ የተሰበሩት የፖም ቅርንጫፎች አሁን ይቆረጣሉ። የፕለሙ ግን እስከ በጋ ይጠበቃል፤ ፕለምና ቼሪ በብርድ ወራት ሲቆረጡ ሲልቨር ሊፍ የሚባል የፈንገስ በሽታ በቁስሉ በኩል ይገባቸዋል። አራተኛ፣ ነፋስ ያንገላታው ጎመን አይነቀልም። አፈሩ ሲጠነፍፍ ግንዱ ሥር አፈር ተጨምሮ ጠበቅ ይደረጋል፤ ረጃጅሙ በእንጨት ይደገፋል። አምስተኛ፣ ቅጠሉና ጭራሮው በሙሉ አይጣልም። ከፊሉ ለብስባሽ፣ ከፊሉ በአንድ ጥግ ለነፍሳትና ለጃርት መጠለያ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዛፍ ቆራጮች ለፖሙ የጠየቁን ዋጋ ከዓመቱ የዘር በጀታችን ይበልጣል። ከፍለን ብናስቆርጠው ግን ለመዝገባችን ይቀላል፤ አንድ ደረሰኝ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ በሦስት ወር የተዘጋ ሥራ። ለመንከባከብ የመረጥነው መንገድ ወጪው ትንሽ ቢሆንም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ለሦስት ዓመት በመዝገቡ ላይ ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ውጤቱም እርግጥ አይደለም። ተርነርስ ኦክ በአንድ ዓመት ሪፖርት ቢመዘን ኖሮ ማገዶ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ደጋፊዎቻችን በዚህ ዓመት ሪፖርት ላይ «የፖም ዛፍ፦ በእንክብካቤ ላይ» የሚል ያልተዘጋ መስመር ስታዩ፣ ሥራ የተረሳ እንዳይመስላችሁ እንለምናለን።

ይህንኑ ትዕግሥት ለሰውም እንጠይቃለን። ከቤቷ ወይም ከሥራዋ ተነቅላ ወደ ማኅበራችን የምትመጣ እኅት በስድስት ወር ውስጥ ቆማ እንድትታይ ብዙ ቅጽ ይጠይቀናል። አንዳንዷ ትቆማለች። አንዳንዷ ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት በዙሪያዋ የጠጠረው ነገር እንዲላላላት ነው፤ የቋንቋ ትምህርት፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው፣ ቡና አፍልታ የምታዳምጣት ጎረቤት። ይህ ሥራ በፎቶግራፍ አይታይም። ቢሆንም ወጪ ነው፤ እኛም በመዝገብ እንይዘዋለን።

የጽዳትና የእንክብካቤ ሥራችን መሬቱ ሲጠነፍፍ በቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል። ጓንት፣ ያረጀ ጆንያና የማትፈልጉት ሳንቃ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። መጋዝ ግን ሁለት ብቻ ይበቃናል።