አምቡላንስ በውል፦ በሞያሌ የአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት የማን ኃላፊነት ነው?

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት ወላድ ከከተማው ሆስፒታል አቅም በላይ የሆነ ሕክምና ካስፈለጋት ወደ ካውንቲው ዋና ከተማ ማርሳቢት ትላካለች። ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ጉዞ ተሽከርካሪውን፣ ነዳጁንና ባለሙያውን የማቅረብ ግዴታ ያለበት ማን እንደሆነ ሕጉ በግልጽ አስቀምጧል። አሠራሩ ግን የሕጉን ያህል ግልጽ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አራተኛ ሠንጠረዥ የአምቡላንስ አገልግሎትን፣ የእሳት አደጋ መከላከልንና የአደጋ አመራርን ለካውንቲ መንግሥታት ሰጥቷል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማንም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንደማይነፈግ ይደነግጋል። በ2013 ሥራ የጀመሩት 47ቱ ካውንቲዎች ይህን ግዴታ የሚወጡበትን መንገድ መምረጥ ነበረባቸው። ማቻኮስ በአገረ ገዥ አልፍሬድ ሙቱዋ ዘመን 70 አምቡላንሶች ገዛ። ሌሎች ካውንቲዎች ግን መከራየትን መረጡ።

ከአከራዮቹ ይበልጥ የሚታወቀው የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ2010 ያቋቋመው ኢ-ፕላስ ነው። ባለቤቱ የሰብዓዊ ርዳታ ማኅበር ቢሆንም ኩባንያው አገልግሎቱን በክፍያ ይሸጣል። ስለዚህ በኬንያ ስለ «ግል ተቋራጭ» ሲነገር ነገሩ ሁልጊዜ ትርፍ አሳዳጅ ነጋዴ ማለት አይደለም።

በእንዲህ ዓይነት ውል ካውንቲው በተለምዶ ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል፤ አከራዩ አሽከርካሪ፣ የአስቸኳይ ሕክምና ባለሙያ፣ ጥገናና የጥሪ ማዕከል ያቀርባል። ጥቅሙ የሚታየው መኪናው ሲበላሽ ነው። የመንግሥት አምቡላንስ ጎማ ወይም መለዋወጫ አጥቶ ግቢ ውስጥ ሊቆም ይችላል፤ የተከራየውን ግን መተካት የአከራዩ ዕዳ ነው። ድክመቱ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። ካውንቲዎች በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከናይሮቢ በሚላክላቸው ድርሻ ሲሆን፣ ድርሻው ዘግይቶ እንደሚደርስ አገረ ገዥዎች በየጊዜው ያማርራሉ። ያልተከፈለው አከራይ ደግሞ መኪናውን ሊያነሣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ውሉ የሚቆጥረው ነገር ነው። ክፍያው በጉዞ ብዛት ከሆነ፣ ሕዝብ ተሰባስቦ የሚኖርባቸው ከተሞች አዋጭ ይሆናሉ፤ ማርሳቢትን የመሰለ ሰፊ ምድር ግን ኪሳራ ነው። በ2019ኙ ቆጠራ 459 ሺህ 785 ነዋሪ የተመዘገበበት ይህ ካውንቲ ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ድምር ይሰፋል። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የወጣ አምቡላንስ ደርሶ እስኪመለስ 500 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ እስከዚያ ሄሉ ሌላ ሕመምተኛ ቢኖር ያንን መኪና አያገኝም። ክፍያው በወር ከሆነ ደግሞ ተሽከርካሪው መኖሩ ብቻ ይበቃና የደረሰበት ሰዓት ሳይጠየቅ ይቀራል። በመሆኑም ርቀትንና የመድረሻ ሰዓትን የማይመዝን ውል ለሞያሌ አይበጅም። በ2009ኙ ቆጠራ ላይ በተመሠረተ ትንተና በማርሳቢት ከ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች 1 ሺህ 127 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 495 ነበር።

ሞያሌ ማንኛውም መደበኛ ውል የሚፈተንባቸውን ቀኖችም አይታለች። በታኅሣሥ ወር 2013 በተቀሰቀሰው የጎሳ ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተፈናቅለው ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በመጋቢት 2018 ደግሞ ስደቱ አቅጣጫውን ቀየረ፤ የኢትዮጵያ ወታደሮች በድንበሩ ማዶ ዘጠኝ ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወደ ኬንያ ገቡ። በሁለቱም ጊዜ የኬንያ ቀይ መስቀል በርዳታ ሥራው ላይ ተሰማርቶ ነበር።

በኢትዮጵያ በኩል የተያዘው መንገድ ሌላ ነው። መንግሥት አምቡላንሶችን ገዝቶ ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ በ1935 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በ907 ጥሪ ይቀበላል። የግሉ ዘርፍ በጉልህ የታየው በአዲስ አበባ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ በ2008 ያቋቋመው ጠብታ አምቡላንስ ከፋይ ደንበኛና ድርጅት ባለበት ከተማ ተስፋፋ። እንዲህ ያለው ገበያ ወደ ድንበር ከተሞች በራሱ አይመጣም። ሁለቱ ሞያሌዎች የተያያዙ ቢሆኑም፣ ሥልጣኑ ከድንበሩ የማያልፍ ካውንቲ የገባው ውል ማዶ ላለው ሆስፒታል አይሠራም።

ኬንያ በ2023 ያወጣችው የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ ለአስቸኳይ፣ ለሥር የሰደደና ለጽኑ ሕመም የሚውል ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱ ሕመምተኛን በአምቡላንስ ለማጓጓዝም እንዲከፍል ታስቧል። ክፍያው ግን አምቡላንሱ ከተጓዘ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መኪናውን ሞያሌ ላይ ቀድሞ የማቆሙ ወጪ አሁንም የሚወድቀው በካውንቲው ላይ ነው።