ስታሊን የተባለችው ከተማና ጎረቤቶቿ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶች። በሩማንያዋ የብራሾቭ አውራጃ ግን ለመልአኩ ተራ የደረሰው አይመስልም፤ ስም ሲያወጡ የኖሩት ሰፋሪዎች፣ ጦረኞችና የፓርቲ ሹማምንት ናቸው። እስቲ ካርታውን ዘርግተን ጥቂቶቹን እንይ (ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)።

አውራጃው የሚገኘው በትራንሲልቫኒያ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ሩማንያውያን፣ ሀንጋሪያውያንና ሳክሰን የሚባሉት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ለዘመናት አብረው ስለኖሩበት፣ አንድ መንደር ሦስት ስም ቢኖረው ብርቅ አይደለም።

ከፌልዲዋራ እንጀምር። በ1211 የሀንጋሪው ንጉሥ ዳግማዊ አንድሪያስ የቲዩቶን ጦረኞችን ድንበር እንዲጠብቁለት በዚህ አካባቢ አሰፈራቸው፤ በ1225 መልሶ አባረራቸው። በጀርመንኛ መንደሯ ማሪየንቡርግ፣ «የማርያም ምሽግ» ናት። በሀንጋሪኛ ደግሞ ፎልድቫር፣ «የአፈር ምሽግ»። ፌልዲዋራ የሚለውም ይኸው የሀንጋሪኛ ቃል በሩማንያውያን አፍ ተለውጦ ነው።

ሰቼሌ የምትባለው ከተማ ደግሞ ታስቃለች። ጀርመኖቹ «ሰባቱ መንደሮች» ሲሏት ሀንጋሪዎቹ «አራቱ መንደሮች» ይሏታል። የተሳሳተ ግን የለም፤ በአካባቢው ሰባት መንደሮች ነበሩ፣ ከተማዋ የተመሠረተችው ከአራቱ ነው።

ፕሬዴያል ከስላቭ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ወሰን» ማለት ነው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ በሩማንያና በኦስትሪያ-ሀንጋሪ መካከል ያለው ድንበር እዚያ ነበር። ድንበሩ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናዋ ከተማ እንምጣ። ብራሾቭ በጀርመንኛ ክሮንሽታት፣ «የዘውድ ከተማ» ናት፤ በ1235 በተጻፈ የላቲን ሰነድም ኮሮና፣ ማለትም ዘውድ ተብላለች። በ1950 ግን የኮሚኒስቱ መንግሥት «የስታሊን ከተማ» አላት። ከከተማዋ ራስጌ ባለው የትምፓ ተራራ ላይም ስሙ በዛፍ ተጻፈ። አሥር ዓመት ቆየ። በ1960 ብራሾቭ ወደ ብራሾቭነቷ ተመለሰች፤ ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ የቆመው ግዙፍ ጽሑፍ የራሷ ስም ነው።

ታዲያ የፓርቲ ስም አይበረክትም ብለን እንዳንደመድም ቪክቶሪያ አለች። በኬሚካል ፋብሪካ ዙሪያ ለሠራተኞች የተቆረቆረችው ይህች ከተማ «ቀይ ኡቼያ» ተብላ ቆይታ በ1954 ቪክቶሪያ፣ «ድል» ተባለች። ሥርዓቱ በ1989 ወደቀ፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ልዩነቱ ምን ይሆን? እንደሚመስለን ብራሾቭ የምትመለስበት ስም ነበራት፤ በሰነድ ላይ ቢሰረዝ በአያቶች አፍ ላይ ነበር። ቪክቶሪያ ግን የወለዳትም የሰየማትም አንድ ነው፤ ስሙን ብትጥለው የምትይዘው ሌላ የላትም።

ከ1989 በኋላ አብዛኞቹ ሳክሰኖች ወደ ጀርመን ሄደዋል። ክሮንሽታትና ማሪየንቡርግ ብለው የሚጠሩ ጎረቤቶች በየመንደሩ ተመናምነዋል። ያኔ ስም ከጥሪ አልፎ ምስክር ይሆናል፦ እዚህ ሰዎች ነበሩ ይላል። ስም ለመቀየር እጃቸውን ለሚያነሱ ሁሉ ይህን ማስታወስ አይከፋም እንላለን።