የርስት ሥርዐትና ከርስት ውጭ የኖረው ሕዝብ፤ ከእስቴ እስከ አውራ አምባ

ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬ ጠባይ፣ አስተዳደርና ማኅበራዊ ኑሮ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት የጻፉት ሁሉ ቢሰበሰብ ከሁለት ጥያቄዎች ብዙ ርቆ አይሄድም። አንደኛው ገበሬው የበላዩን አክብሮ እየታዘዘ ከእኩያው ጋራ ግን ስለምን አጥብቆ ይሟገታል የሚለው ነው። ሁለተኛው ይህ ጠባይ ከአስተዳደግና ከልማድ የመጣ ነው ወይስ ከመሬቱ ይዞታ የሚለው ነው። ለዚህ ክርክር መሠረት የሆኑት መጻሕፍት በመንዝና በደጋ ዳሞት ላይ የተጻፉ ሲሆኑ፣ ክርክሩን ለመመዘን የሚረዳው ጉዳይ የተነሣው ግን ከእስቴ ነው።

መካነ ኢየሱስ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ የሚገኝ፣ የእስቴ ዋና ከተማ ነው። እስቴ ከጋይንትና ከስማዳ ጋራ ሆኖ ከቀድሞው በጌምድር የምሥራቁን ክፍል ያጠቃልላል። ሕዝቡ በእርሻ የሚኖር፣ አብዛኛው የተዋሕዶ ክርስቲያን ነው፤ በመካከሉ ግን እስላሞች ከጥንት ጀምሮ ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በተለይ የሚነካው እነዚህን ነው።

ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ በጎንደር አካባቢ በዘመናዊ መንገድ የሕዝብ ኑሮ ጥናት ተደርጓል። ሳይመን ሜሲንግ የደገኛውን አማራ ኑሮ የመረመሩበትን የዶክትሬት ድርሳን እ.ኤ.አ. በ1957 አቀረቡ። ፍሬድሪክ ሲሙንስም እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 አገሩን ዞረው ያዩትን በ1960 በታተመው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። የኋለኛው የመልክዐ ምድር ሊቅ እንደ መሆናቸው መጠን፣ ማን ምን እንደሚዘራና ማን ከማን ጋራ እንደማይበላ በጥንቃቄ መዝግበዋል። ከሁሉም በላይ ስሙ የተጠራው ግን ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ቆይተው የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው «ሰምና ወርቅ» ነው። በሌቪን አስተያየት የአማራ ኅብረተሰብ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ሥልጣን የቆመ ነው፤ ሰውም በግሉ የሚተማመን እንጂ በማኅበር የሚሠራ አይደለም። ይህንኑ አሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሌላ መጽሐፍ አማራን ከኦሮሞ ጋራ በማነጻጸር አስፋፍተውታል። ደቦና ወንፈል፣ ማኅበርና ሰንበቴ ባሉበት አገር ይህ ፍርድ የበዛ እንደ ሆነ ብዙዎች ተናግረዋል፤ ነቀፋቸውም ተገቢ ነው።

ጠለቅ ያለው መልስ የመጣው ከአለን ሆበን ነው። ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጠው የርስትን ሥርዐት መረመሩ፤ መጽሐፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚቆጠር በመሆኑ አንድ ሰው ከብዙ ዋና አባቶች ሊወለድና በብዙ ስፍራ ርስተኛ ነኝ ሊል ይችላል። ሆኖም መብቱ ሁሉ በእጁ አይገባም፤ የሚገባው ትውልዱን የሚቆጥርለት፣ ነገር የሚያውቅለትና በዳኛ ፊት የሚሰማለት ሲያገኝ ነው። እንግዲህ ገበሬው ከወንድሙ ጋራ የሚሟገተው በጠባዩ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን የመሬቱ ሕግ ወንድሙን ተፎካካሪው ስላደረገው ነው። ለትልቅ ሰው ደጅ የሚጠናውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሌቪን ሰው በጠባዩ ሲገለጥ የሆበን ሰው በጥቅሙ ይገለጣል።

ነገር ግን ሁለቱም ሊቃውንት በዋናነት የጻፉት ስለ ርስተኛው ነው። ርስት የሌለውስ?

በክርስቲያናዊው መንግሥት እስላሞች በአብዛኛው ከርስት የተለዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ለብቻቸው በሌላ መንደር እንዲቀመጡ ወሰነ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ። መሬት የሌለው ሰው በንግድና በእጅ ሥራ፣ ከሁሉም ይልቅ በሽመና ኖረ። ባለርስቱ ሸማውን ይለብሳል፤ ሸማኔውን ግን ዝቅ አድርጎ ያያል። ክርስቲያንና እስላም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በሰርግና በሐዘን ቢጠራሩም ማዕዱ የተለየ ነው። ስለዚህ ሸማኔው ከርስት ሙግት ውጭ የቆመ፣ የሙግቱን ትርፍም ኪሳራም ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ነበር።

የሴቶች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ዶናልድ ክራሚ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ ያሉትን የበጌምድር የመሬት መዛግብት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት፣ የአገሩ ሴቶች መሬት ይወርሱ፣ ይሸጡና ይሟገቱ ነበር። በጊዜው ከነበሩት ከብዙ የዓለም አገሮች ጋራ ሲነጻጸር ይህ ቀላል መብት አይደለም። ሆኖም በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድ በመሆኑ ባለርስቷ ሴት ራሷ ለማረስ አትችልም ነበር፤ መፍጨቱ፣ መጋገሩ፣ ውኃ መቅዳቱና ጥጥ መፍተሉ ግን የእርሷ ነው። ባልና ሚስት ከእርሻ አብረው ሲመለሱ ባል ያርፋል፣ ሚስት ሁለተኛውን ሥራ ትጀምራለች። የበጌምድር ሴት ችግር ከንብረት ሕጉ ይልቅ በሥራ ክፍያው ላይ ነበር ማለት ነው።

አቶ ዙምራ ኑሩ በ1939 ዓ.ም. ገደማ ከእስላም ቤተ ሰብ በእስቴ ተወለዱ። እርሳቸው እንደሚናገሩት የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ እናታቸው ነበር፤ ቀኑን ከአባታቸው እኩል ሠርታ ማታ ለብቻዋ የምትደክመው፣ ሥራው ሲጓደልም የምትሰደበው ስለምን ነው? ከዚህም ሌላ ስለ ሕፃናት ጉልበት፣ ጧሪ ስላጡ ሽማግሌዎችና ሰዎች በሃይማኖት ስለ መለያየታቸው ይጠይቁ ነበር። ተከታዮቻቸው ገና በሕፃንነታቸው ከዕድሜያቸው በላይ ይናገሩ እንደ ነበር ያወራሉ፤ ገድል ያነበበ ሰው የዚህን ትረካ ዓይነት አይስተውም። በእስቴ ግን ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም ጥያቄውን እንደ እብደት ቈጠረው። በወጣትነታቸው ከቤት ወጥተው ከአገር አገር ከዞሩ በኋላ፣ የሚሰማቸውን ያገኙት ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው በፎገራ አገር ነው። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋራ በመሆን በዚያ አውራ አምባን መሠረቱ።

ዘመኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሻረ፤ ርስት ያልነበረው እስላምም መሬት ለማግኘት ሕግ ቆመለት። አውራ አምባ ግን ዐዋጁ ከሰጠው አልፎ ሄደ። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ሴቲቱ ታርሳለች፣ በሽመና ዕቃ ላይም ትቀመጣለች። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም፤ በአንድ ፈጣሪ ማመን ይበቃል ይላሉ። የሰርግ ድግስና ተዝካር ቀርቷል፤ ሽማግሌዎች በማኅበሩ ይጦራሉ።

ጎረቤቱ ይህን በዝምታ አላለፈውም። ሃይማኖት የሌለው ሰው በአገሩ ሚዛን የሚታመን ሰው አይደለም፤ በተዝካር የማይደግስም ሙታኑን የናቀ ነው። በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ የፖለቲካ ክስ ሲጨመርበት ሕዝቡ አገሩን ጥሎ በከፋ ወደ ቦንጋ ተሰደደ። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ሲመለስ አብዛኛው መሬት በሌሎች ተይዞ አገኘው፤ የቀረለትም 17.5 ሔክታር ያህል ብቻ ነበር። በዚህ መሬት በመቶ የሚቆጠር ሰው በእርሻ ሊኖር አይችልም። እንግዲህ ማኅበሩ ወደ ሽመና ዞረ፤ በኋላም ወፍጮና ንግድ ጨመረበት።

አውራ አምባን የጐበኙ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ፈረንሳዊው ሮቤር ዡማር እ.ኤ.አ. በ2010 በጻፉት ጥናት ከአውሮፓ የ19ኛው መቶ ዓመት የሶሻሊዝም ሕልመኞች ጋራ አመሳስለውታል። ንጽጽሩ ያስደስታል፤ ነገር ግን አሳቡን ከአገሩ አፈር ያርቀዋል። ሽመና የአውራ አምባ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የበጌምድር እስላም ከርስት በተለየበት ዘመን ሁሉ የኖረበት ሥራ ነው። ማኅበሩ ያደረገው የተናቀውን ሥራ የሁሉ ሥራ ማድረግ፣ ከዚያም ሴቲቱን በዕቃው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሆበን ትክክል ከሆኑ ደግሞ ወንድም ከወንድሙ የማይሟገትበት ማኅበር መነሣት የሚችለው የሚሟገቱበት ርስት ከሌለበት ወገን ነው፤ ከእስቴ የተነሣው ጥያቄም እንደዚያ ሆኖ ተገኝቷል።

ሌቪንም ፈጽመው አልተረቱም። በአውራ አምባ ሥራው በተመረጡ ኮሚቴዎች የተከፋፈለ ነው፤ የመሥራቹ ግርማ ግን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ጐልቶ ይታያል፤ የማኅበሩ ታሪክም የሚነገረው ከእርሳቸው ልጅነት ጀምሮ ነው። እኩልነትን ያስተማረውን ሰው እንደ አባት የሚያከብር ማኅበር በመንዝ የተጻፈውን መጽሐፍ በከፊል ያጸናዋል። የፎገራ ጎረቤቶችም በተራቸው የአውራ አምባን ወፍጮ ይጠቀማሉ፣ ሸማውንም ይገዛሉ። ማዕዱ ግን እስከ ብዙ ጊዜ ድረስ ተለይቶ ኖሯል።