የፖል ሎረንስ ደንባር ቤት

የፖል ሎረንስ ደንባር ቤት በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍላገር፣ በዴይተን ከተማ የሚገኝ ቤተ መዘክር ነው። በመላ አገሪቱ ዝና ካተረፉ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ገጣሚዎች አንዱ የሆነው ደንባር (1872–1906) የሕይወቱን መጨረሻ ያሳለፈው በዚህ ቤት ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የገጣሚው ሕይወት

ደንባር በዴይተን ተወለደ። ወላጆቹ ጆሹዋና ማቲልዳ በኬንታኪ በባርነት የኖሩ ሲሆኑ፣ እናቱ ስለዚያ ዘመን የነገረችው ታሪክ ለብዙ ግጥሞቹ መነሻ ሆኗል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ብቸኛው ጥቁር ተማሪ ነበር። ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ በኋላ ከወንድሙ ዊልበር ጋር አውሮፕላን የሠራው ኦርቪል ራይት ነው። በ1890 ደንባር ያዘጋጀውን «ዴይተን ታትለር» የተባለ ጋዜጣ ያተሙት ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ።

ደንባር ትምህርቱን ቢጨርስም በቆዳው ቀለም ምክንያት የቢሮ ሥራ ስለተከለከለ በአንድ ሕንፃ የአሳንሰር ሠራተኛ ሆነ። የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን ለአሳንሰሩ ተሳፋሪዎች በ1 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ1896 ታዋቂው ሃያሲ ዊልያም ዲን ሃወልስ ስለ ሥራው ከጻፈ በኋላ ስሙ በአገሪቱ ሁሉ ታወቀ።

የቤቱ ታሪክ

ደንባር ባለ ሁለት ፎቁን የጡብ ቤት በ1904 ለእናቱ ገዛላት። በዚያን ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ነበር። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1906 በ33 ዓመቱ በዚሁ ቤት አረፈ። ማቲልዳ በ1934 እስክትሞት ድረስ በቤቱ ኖረች፤ የልጇንም የጥናት ክፍል እንደነበረ ጠበቀችው። ቤቱ ከነዕቃው ለዛሬ የደረሰው በእርሷ ጥንቃቄ ነው።

የኦሃዮ መንግሥት ቤቱን በ1936 ተረከበ፤ በ1938 ለጎብኚዎች ተከፈተ። ክፍላገሩ ለጥቁር አሜሪካዊ ክብር ያቋቋመው የመጀመሪያው መታሰቢያ ይህ ነው። በ1962 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ከ1992 ጀምሮ ስለ ራይት ወንድማማቾች ታሪክ የተቋቋመው የዴይተን የበረራ ቅርስ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አካል ነው።

ጉብኝት

በቤቱ ውስጥ የገጣሚው መጻሕፍት፣ መጻፊያ ጠረጴዛውና የጽሕፈት መኪናው ይታያሉ። ራይት ወንድማማቾች የሠሩት ብስክሌትም አለ። የወንድማማቾቹ የብስክሌት ሱቅ ሕንፃም በዚያው በምዕራብ ዴይተን ይገኛል። ደንባርና ሁለቱ ወንድማማቾች የተቀበሩት በከተማው በሚገኘው የዉድላንድ መካነ መቃብር ነው።