ቀድሞ ማን ያውቀው ነበር? የፓተንት ምርመራ ታሪክ ከኤልኢዲ ሰሌዳ እስከ ጤፍ ዱቄት

(በሕዝባዊ ገለጻ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



ርእሱ የሕግ ጉዳይ ቢመስልም ዛሬ የማቀርበው የታሪክ ጉዳይ ነው። የፓተንት መርማሪ አንድ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ የሚያነሣው ጥያቄ የታሪክ ተመራማሪ ጥያቄ ነውና፦ ይህን ነገር ከዚህ በፊት ማን ያውቀው ነበር? የት ተጽፏል? መቼ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ ወይም መርማሪው ሊደርስበት ካልቻለ አሮጌው ነገር አዲስ መስሎ ያልፋል። የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ምርመራ የማስታወስ ሥራ ነው፤ የማያስታውስ ሕዝብም የራሱን ዕውቀት ከሌላ ሰው እጅ ሊገዛ ይችላል።

ሐሳቡን በአንድ ትንሽ ቴክኒካዊ ምሳሌ ልጀምር።

የሰሌዳው ድምቀት

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ የደረሰ ሰው የቆላውን የቀትር ፀሐይ ያውቀዋል። እዚያ መንገድ ዳር አንድ ሆቴል ጽሑፍ የሚያሳይ የኤልኢዲ ሰሌዳ ደጃፉ ላይ ሰቀለ እንበል። ቀን ላይ ጽሑፉ አይነበብም፤ ሌሊት ደግሞ ያው ሰሌዳ የሾፌሩን ዓይን ይወጋል። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ የሚደርስ ብርሃን ሲጥል የሙሉ ጨረቃ ብርሃን አንድ ሉክስ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀን ላይ በሺዎች የሚቆጠር ካንዴላ በካሬ ሜትር የሚያስፈልገው ሰሌዳ ሌሊት በጥቂት መቶዎች ይበቃዋል።

አንድ የዛሪማ ወጣት ይህን አይቶ መሣሪያ ሠራ እንበል። መሣሪያው የአካባቢውን ብርሃን በሴንሰር እየለካ የሰሌዳውን ድምቀት ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ወጣቱ ለፓተንት ቢያመለክት መርማሪው ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ሥራውን ወደ ክፍሎቹ ይበትነዋል። ኤልኢዲን ለማደብዘዝ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ከረንቱን መቀነስ ነው፤ ነገር ግን ከረንቱ ሲለወጥ የአንዳንዱ ኤልኢዲ ቀለም አብሮ ይዛባል። ሁለተኛው ኤልኢዲውን በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ፣ የበራበትን ጊዜ ከጠፋበት ጋር ማመጣጠን ነው። ዓይን ብልጭታውን ሳይሆን አማካዩን ያያል። ይህ የዓይን ጠባይ ከኤልኢዲ መፈጠር በፊት ታውቋል፤ እንግሊዛዊው ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1834፣ ቤልጅየማዊው ፕላቶ በዓመቱ ጽፈውታል። የሰው ስሜት ለብርሃን ለውጥ በእኩል መጠን እንደማይመልስ፣ በጨለማ ትንሿ ለውጥ ጎልታ እንደምትታይ ደግሞ ፌክነር እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው መጽሐፉ አብራርቷል። ቀዩ ኤልኢዲ በሆሎንያክ እጅ የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ባለሙሉ ቀለም ሰሌዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ለሦስት ሳይንቲስቶች የኖቤል ሽልማት ያስገኘውን ሰማያዊ ኤልኢዲ መጠበቅ ነበረበት። የመንገድ መብራትን በብርሃን ሴንሰር ማብራትና ማጥፋትም የቆየ አሠራር ነው።

ከዚያ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ክፍሎቹ ሁሉ ቢታወቁም አንድ ላይ መጣመራቸው ለሙያው ሰው በራሱ የሚታሰበው ነው ወይ? ሕጉ ይህን መመዘኛ ፈጠራዊ ብቃት ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬኤስአር በቴሌፍሌክስ ላይ በተከራከረበት ጉዳይ የመኪና ፔዳል ላይ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ማስቀመጥን መርምሮ፣ የታወቀ ሴንሰር ከታወቀ ፔዳል ጋር መግጠም ለባለሙያው ግልጽ ነው ብሏል። የወጣቱ ማመልከቻ «ሴንሰር ከሰሌዳ ጋር» ብቻ ከሆነ ዕጣው ከፔዳሉ የተለየ አይሆንም። ነገር ግን ወጣቱ ሌላ ችግር ፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በሶላር ባትሪ የሚሠራ ሰሌዳ ጽሑፉ ሳይደበዝዝ እስከ ንጋት እንዲቆይ የሚያደርግ፣ ማንም ያላሰበው የወረዳ አሠራር። መርማሪው ይህን ከተራው ለይቶ ማየት ያለበት ስለዚህ ነው። ያለአግባብ መስጠት ሌላውን ሠራተኛ ያስራል፤ ያለአግባብ መከልከል ፈጣሪውን ያጠፋል።

ምርመራ እንዴት ተወለደ?

ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ አልነበረም። የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1474 ባወጣው ሕግ በግዛቱ ውስጥ ቀድሞ ላልተሠራ ብልሃት የ10 ዓመት መብት ሰጥቷል። «በግዛቱ ውስጥ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ከውጭ ዕውቀት ያመጣ ሰውም እንደ ፈጣሪ ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1624 የወጣው የእንግሊዝ ሕግም በ14 ዓመት ጊዜ ተመሳሳይ መንፈስ ነበረው። አገር ከውጭ ዕውቀት ለመሳብ የሚጠቀምበት መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1790 ማመልከቻዎችን የሚመረምር ባለ ሦስት አባል ቦርድ አቋቋመች፤ ከአባላቱ አንዱ ቶማስ ጄፈርሰን ነበር። ሥራው ለባለሥልጣናቱ በዝቶ እ.ኤ.አ. በ1793 ምርመራው ቀርቶ ምዝገባ ብቻ ሆነ። በቀጣዮቹ አርባ ዓመታት የሌላውን ሥራ ገልብጦ የሚያስመዘግበው በዛ፤ ፍርድ ቤቶችም በክርክር ተጨናነቁ። ሴናተር ሩግልስ የመሩት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1836 ሙያዊ ምርመራን መልሶ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የፓተንት ቢሮው ተቃጠለ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ ፓተንቶች መዝገብ ዐመድ ሆነ። መርማሪ በተሾመ በአምስት ወሩ ሊመረምርበት የሚገባው መዝገብ ጠፋ። መንግሥት የፈጣሪዎቹን ቅጂ እያሰባሰበ የተወሰነውን መልሶ ገነባ፤ ያለ ማኅደር ምርመራ እንደሌለ ገብቶት ነበርና።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1844 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ መረጠች። ፓተንቱን ያለ ቅድመ ምርመራ ሰጥታ ባለመብቱ በምርቱ ላይ «ያለ መንግሥት ዋስትና» የሚል ምልክት እንዲያኖር አዘዘች። ይህ ሐቀኝነት የሚወደስ ነው፤ ሸክሙ ግን ክርክር ለመግጠም ገንዘብ ባለው ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

የእኛ ሕግ ሦስት በሮች

ወደ አገራችን ስንመለስ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ፓተንትን ከነጋዴው ሀብት መካከል ይጠቅሰው ነበር፤ መብቱን የሚሰጥና የሚመረምር ራሱን የቻለ ሕግ ግን እስከ ግንቦት 1987 ዓ.ም. አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ሥራውን ለኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሰጠ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 320 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትን፣ የዛሬውን ባለሥልጣን፣ አቋቋመ።

አዋጁ ለዛሪማው ወጣት ሦስት በሮች አሉት። የመጀመሪያው ፓተንት ነው። አዲስነቱ የሚመዘነው በመላው ዓለም ከታወቀው ነገር አንጻር ሲሆን፣ ዘመኑ 15 ዓመት ሆኖ ሥራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ከዋለ 5 ዓመት ይታከልለታል። ሁለተኛው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። አነስተኛ ፈጠራን የሚመለከት ነው፤ አዲስነቱ የሚመዘነው በኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን ለ5 ዓመት ተሰጥቶ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ሦስተኛው የአስገቢ ፓተንት ነው። በውጭ አገር ፓተንት ያለውን፣ ግን እዚህ ያልተመዘገበን ፈጠራ አምጥቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት ይሰጣል፤ ሥራ ላይ ካላዋለው መብቱ ይወድቅበታል። የቬኒስን ሕግ ያስታወሰ ሰው የዚህን በር አባት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የድምቀት መቆጣጠሪያው ምሳሌ ይጠቅመናል። አዋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። የዛሬ ሰሌዳ ድምቀት ደግሞ በአብዛኛው የሚስተካከለው በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ በተጻፈ ፕሮግራም ነው። ወጣቱ መብት የጠየቀው በቁጥር ሰንጠረዥና በስሌት ላይ ብቻ ከሆነ በሩ ይዘጋበታል። ሴንሰሩን፣ ወረዳውን፣ ባትሪውንና በመካከላቸው የሚካሄደውን ቴክኒካዊ ሥራ እንደ መሣሪያ ገልጾ ከጻፈ ግን መርማሪው የሚመዝነው ነገር ያገኛል። ሁለቱም ጽሑፎች አንዱን ሰሌዳ ሊገልጹ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የመብት ወሰኑ በተጻፈበት አኳኋን ላይ ነው። ስለዚህ የምሕንድስና ተማሪዎቻችን ከመሣሪያው ጋር አጻጻፉንም መማር አለባቸው እላለሁ።

ቁጥር የለበሰ አሮጌ ዕውቀት

የድምቀት ማመልከቻዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ቁጥር ይወዳሉ። ይህን ያህል ሉክስ ሲሆን ድምቀቱ ይህን ያህል በመቶ፣ ከዚህ እስከዚህ ባለው ወሰን ይላሉ። ልምድ ያለው መርማሪ ቁጥሩን ሲያይ ቆም ብሎ ይጠይቃል፦ ይህ ቁጥር አዲስ ውጤት ያመጣል ወይስ ሰዎች ሳይለኩ ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር አሁን ለክቶ ስም ሰጠው? ዳገቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ ቀደም ቁጥሩን የጻፈ ስለሌለ ፍለጋው ባዶ ይመጣል።

ይህ ጥያቄ እኛን የነካው በሰሌዳ ሳይሆን በጤፍ ነው። ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የጤፍ ዘረመልን ስለመጠቀም ስምምነት ፈረመ። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ሰጠ። የመብቱ ወሰን ያረፈው በአንድ ቁጥር ላይ ነበር፤ የዱቄትን የስታርች ጠባይ በሚለካ የቤተ ሙከራ ምርመራ እህሉ ሲፈጭ 250 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስመዘግብ የጤፍ ዱቄት። ወደዚያ ቁጥር የሚደረሰው በዋናነት እህሉን ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት በማቆየት ነው። ጤፍ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ቆይቶ እንደሚፈጭ የማያውቅ የጎንደር ገበሬ ማን ነው? ገበሬው ግን ቁጥሩን አልለካም፤ ልማዱንም መርማሪው በሚፈልግበት ማኅደር ውስጥ አልጻፈም።

ፓተንት በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ ማንኛውም ሰው በአውሮፓው ጽሕፈት ቤት ተቃውሞ ማቅረብ ይችል ነበር። ፓተንቱ ግን ጸንቶ ቆየ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሠረ፤ መብቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። አዲሱ ባለመብት ጤፍ የሚጠቀም የዳቦ ግብዓት አምራችን ሲከስ ተከሳሹ የፓተንቱን ዋጋ ራሱን ተከራከረ፤ የሄግ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ፓተንቱ ፈጠራዊ ብቃት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ሻረው። ውሳኔው ደስ ቢያሰኘንም ሁለት ነገር አንርሳ። ክርክሩን ያሸነፈው በራሱ ጥቅም የተነሣ የአውሮፓ ነጋዴ ነው። ከተሰጠበት ቀን እስከተሻረበት ቀን ደግሞ ወደ 12 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ፓተንት የበለጸጉ አገሮች መሣሪያ ነውና ይቅርብን ይላሉ። ቁጭቱን እጋራለሁ፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። በሄግ ፓተንቱን የጣለው ያው የፓተንት ሕግ መመዘኛ ነው። መመዘኛው መጀመሪያውኑ ሥራውን እንዳይሠራ ያደረገው ለመርማሪው የሚቀርበው መዝገብ ጎደሎ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ለዩኒቨርሲቲ የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ በሕግ ዓይን ለሕዝብ የተገለጹ ቢሆኑ እንኳ በተግባር የሉም፤ በቀን ተመዝግበው፣ በርእስ ተመድበው፣ ከየትም ሊፈለጉ የሚችሉ መሆን አለባቸው። የገበሬውን የእህል አያያዝ፣ የሸማኔውን፣ የአንጥረኛውንና የሸክላ ሠሪዋን ዘዴ ስንመዘግብ በመጠን፣ በጊዜና በቁጥር እንመዝግብ፤ ቁጥር ለብሶ ለሚመጣ ማመልከቻ መልሱ ቀድሞ የተጻፈ ቁጥር ነውና። የዛሪማው ወጣትም ሰሌዳውን ሲሠራ የሞከረውን፣ ያልተሳካለትንና የለካውን ሁሉ ከነቀኑ በደብተሩ ይያዝ። ያ ደብተር ለራሱ መብት ማስረጃ ይሆነዋል። መብቱን ባይጠይቅ እንኳ፣ ይፋ ካወጣው፣ ነገ ሌላው መጥቶ «የእኔ ነው» ሲል መርማሪው የሚያነብበው ገጽ ይሆናል።