ከኬላው ውጭ የቀሩት
የካፋ ሸንጎ፣ የአሜሪካ ጅማሬ እና የማኅበራችን ደንብ



ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡን ያሻሽላል። በረቂቁ ውስጥ ብዙ ካከራከሩን አንቀጾች አንዱ «አዲስ አባል ለመቀበል የሦስት ነባር አባላት ዋስትና ያስፈልጋል» የሚለው ነው። አንቀጹን የሚደግፉ እህቶች የጋራ ቁጠባችን በማይታወቅ ሰው እጅ እንዳይባክን ይሰጋሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ብናይ ይጠቅመናል ብዬ አስባለሁ። አንደኛው የገዛ አገራችን የካፋ መንግሥት ታሪክ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ መንግሥት በተመሠረተባቸው ዓመታት የሆነው ነው። ሁለቱም የገዥን ሥልጣን በሸንጎ መገደብ የሚያውቁ ነበሩ። ሁለቱም ደግሞ ከሸንጎው ደጅ ውጭ ብዙ ሰው ትተዋል።

ሰባቱ አማካሪዎች

የካፋ ንጉሥ «ታቶ» ይባል ነበር፤ የሚነግሠውም ከሚንጆ ጎሣ ነው። የጥንት ንጉሥ ሁሉ እንዳሻው የሚያዝ ይመስለናል። በካፋ ግን ከንጉሡ ጎን ሚክሬቾ የሚባል፣ ሰባት አባላት ያሉት የአማካሪዎች ሸንጎ ነበር። አባላቱ ከታላላቅ ጎሣዎች የመጡ ሰዎች ነበሩ። ንጉሥ ሲሞት ከንጉሣዊው ቤተሰብ ማን እንደሚተካው በመምረጥ ትልቁ ድርሻ የእነሱ ነበር፤ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላምም ይመክራሉ። አገሩ ወራፎ በሚባሉ አውራጃዎች ተከፍሎ በሹሞች ይተዳደር ነበር። ይህ ሁሉ ዛሬ «ሥልጣን መከፋፈል» የምንለውን አያቶቻችን በራሳቸው መንገድ ያውቁት እንደነበር ያሳያል። ልንኮራበትም ይገባል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በሚክሬቾ ውስጥ ማን አልነበረም?

ሴቶች አልነበሩም። በ1843 እ.ኤ.አ. አንትዋን ዳባዲ የተባለው ተጓዥ ቦንጋ ሲደርስ የመጣው ከሙሽራ አምጪዎች ጋር ነበር። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሣዊ ቤት ሚስት ሊያገባ መልእክተኞች ልኮ ነበርና። ጋብቻው የሁለት መንግሥታት ውል ነው። ሙሽራይቱ ግን የውሉ ማኅተም እንጂ ተዋዋይ አልነበረችም። የነገሥታት ልጅ እንዲህ ከሆነች የገበሬዋ ልጅ ምን እንደነበረች መገመት አያቅትም።

ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችንም አልነበሩም። በአደንና በጫካ ውጤት ይተዳደሩ ነበር። አብሯቸው የሚበላ፣ ልጁን የሚድርላቸው አልነበረም። ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ አንጥረኛውም በየደረጃው የተገለለ ነበር። አገሩ ያለ ማሰሮአቸውና ያለ ማረሻቸው ሊኖር ባይችልም ሸንጎው አያውቃቸውም ነበር።

ከሁሉ በታች ደግሞ ባሪያ የተባሉት ነበሩ። ካፋ ቡና፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሚሸጥ ባለጸጋ አገር ነበር። ከዚህ ዕቃ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ነጋዴዎቹ በጅማው የሂርማታ ገበያ በኩል እያደረጉ ወደ ሰሜን ይወስዷቸው ነበር፤ ከተሸጡትም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

መንግሥቱ ዙሪያውን በጥልቅ ጉድባና በአጥር የታጠረ ነበር። መግቢያው ጠባቂ ያለበት ኬላ ነው። ያ ኬላ ጠላትን ለረጅም ዘመን መልሷል። ሌላው ኬላ ግን በአገሩ ውስጥ፣ በሰውና በሰው መካከል የቆመው ነበር፤ በዓይን አይታይም።

በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከሌሎች የዐፄ ምኒልክ አዝማቾች ጋር ካፋን ወረረ። ካፈቾ ለወራት ተዋጋ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ በሰንሰለት ወደ መሐል አገር ተወሰደ፤ በግዞት እንዳለም አረፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓትና የባሪያ ፈንጋይ ዘመን አገሩን ባዶ አስቀረው። ዘውዱ እንኳ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ በ1954 እ.ኤ.አ. ነው ለኢትዮጵያ የተመለሰው። ዘውዱ ተመለሰ፤ ከየቀዬአቸው የተነዱት ሴቶች ግን አልተመለሱም።

በፊላደልፊያ

አሁን መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለስና ባሕር እንሻገር። በ1787 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በፊላደልፊያ ከተማ ተረቀቀ። አንድ ንጉሥ የተጫነባቸው ሰዎች ሌላ ንጉሥ እንዳይነሣባቸው ሥልጣኑን በሦስት ከፈሉት፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ዳኛ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሁለት ዘመን አገልግሎ በ1797 እ.ኤ.አ. በፈቃዱ ወደ እርሻው ተመለሰ። ይህ ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬም ይከበራል።

እዚያም ያንኑ ጥያቄ እንጠይቅ። በ1790 እ.ኤ.አ. በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ከአራት ሚሊዮን ጥቂት ያነሰ ሕዝብ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ ሰባት መቶ ሺህ ያህሉ ባሪያዎች ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት ወንበር ሲያከፋፍል ባሪያውን የአንድ ሰው ሦስት አምስተኛ አድርጎ ቆጠረው። ወንበሩን ግን የሚያገኘው ጌታው ነው። ዋሽንግተን ራሱም ባሪያዎች ነበሩት።

ሴቶችስ? በ1776 እ.ኤ.አ. አቢጌል አዳምስ አዲስ ሕግ ሲወጣ ሴቶችም እንዲታሰቡ ለባሏ ለጆን አዳምስ ጻፈችለት። እሱም በቀልድ አለፈው። ያገባች ሴት በሕግ ፊት ከባሏ የተለየች ሰው አልነበረችም። ደመወዟ የባሏ ነው፤ በስሟ መዋዋል አትችልም። በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ብቻ ንብረት ያላቸው ባል የሌላቸው ሴቶች ድምፅ ይሰጡ ነበር። በ1807 እ.ኤ.አ. ይህም መብት በአዲስ ሕግ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት የኖረ መብት በአንድ ሕግ ጠፋ። በር አንዴ ስለተከፈተ ተከፍቶ ይኖራል ማለት አይደለም።

የደጅ ቆሚዎች ዕድር

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ውጭ የቀሩት ባደረጉት ነገር ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በተረቀቀበት ዓመት፣ በዚያው በፊላደልፊያ ከተማ፣ ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ የተባሉ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች ከወገኖቻቸው ጋር «ነፃ የአፍሪካውያን ማኅበር» አቋቋሙ። አሠራሩን ያየ የእኛን ዕድር ያየ ያህል ነው። እያንዳንዱ አባል በየወሩ አንድ የብር ሽልንግ ያዋጣል። አንድ ዓመት ያዋጣ ሰው ቢቸገር ይረዳል። አባል ሲሞት መበለቲቱ ትደገፋለች፤ ልጆቹም እንዲማሩ ይታሰብላቸዋል። በ1793 እ.ኤ.አ. ከተማውን ቢጫ ወባ ሲመታው ባለጸጎቹ ሲሸሹ የዚህ ማኅበር ሰዎች ሕሙማን ሲያስታምሙና ሙታን ሲቀብሩ ከረሙ።

ካፋ ከመያዟ ልክ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1797 እ.ኤ.አ.፣ በኒው ዮርክ ከተማ ኢዛቤላ ግርሃም የተባለች ከስኮትላንድ የመጣች መበለትና መምህር ከሌሎች ሴቶች ጋር ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ድሃ መበለቶች የሚረዳ ማኅበር መሠረተች። ምግብና ማገዶ ይሰጡ ነበር፤ ሥራም ያገናኙ ነበር። በ1802 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ የሕግ ሰውነት አገኘ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ያገባች ሴት ብቻዋን ገንዘብ በስሟ ልታስቀምጥ በማትችልበት አገር፣ ሴቶች ተሰብስበው ማኅበር ሲሆኑ ገንዘብ መያዝና መዋዋል ቻሉ። አንዷ ያጣችውን መብት ሁሉም በአንድ ላይ ሲሆኑ አገኙት። የማኅበሩ የመጀመሪያ ገንዘብ ያዥ ኤልሳቤጥ ሴተን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሏ ሞቶባት ራሷ አምስት ልጆች ያሏት መበለት ሆነች። ረጂና ተረጂ በአንድ ሌሊት ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ።

ሆኖም እነዚህ ማኅበራትም የራሳቸው ኬላ ነበራቸው። የኒው ዮርኮቹ ሴቶች ርዳታ ከመስጠታቸው በፊት ቤት ለቤት ሄደው የመበለቲቱን ጠባይ ይመረምሩ ነበር። ምስክር የሌላት፣ ስሟ የጠፋ ሴት ባዶ እጇን ትቀር ነበር። ከደጅ የቆመ ሰውም በተራው ደጅ ጠባቂ ይሆናል ማለት ነው።

ወደ እኛ ዘመን

በአገራችንም በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ሆኖም በኋላ የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ አስቀመጠ። ይህ የተለወጠው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና እሱን ተከትሎ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ቦንጋ የክልል መቀመጫ ሆነች። እኛም በአንድ መንግሥት ጅማሬ ላይ የምንኖር ሰዎች ነን።

በሕግ ኬላው ተነሥቷል። በቡና ላይ ግን ገና አልተነሣም። ዛሬም በብዙ ቀበሌዎች ከማንጆ ወገን ከሆነች ሴት ጋር አብሮ መብላት፣ ልጅ መዳዳር አልተለመደም። ታዲያ «ሦስት ዋስ አምጪ» ስንላት ምን ማለታችን ነው? ለአንዲት ሴት ዋስ የምትሆናት ቡና የምትጠራት ጎረቤቷ ናት። ቡና የማትጠራ ሴት ዋስ አታገኝም። በቅርቡ ከሌላ ወረዳ መጥታ ቤት የተከራየችውም፣ ባሏ ጥሏት ከዘመድ የራቀችውም እንደዚሁ ናት። አንቀጹ ማንንም በስም አያገልልም፤ ግን የተገለለውን ሁሉ ለይቶ ያስቀራል። ማኅበሩ የተቋቋመው ደግሞ በተለይ ለእነሱ ነበር።

ገንዘቡ እንዳይጠፋ የሚለውን ሥጋት አልንቀውም። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሰው ዋስትና ቀርቶ የቁጠባ ዋስትና ይሁን። አዲስ ገቢ ስድስት ወር ሳታቋርጥ በየሳምንቱ ከቆጠበች ብድር የመጠየቅ መብት ይኑራት። የፊላደልፊያዎቹ አንድ ዓመት ያዋጣውን ይረዱ እንደነበረ አስታውሱ፤ የጠየቁት መዋጮ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከሥራ አመራር ኮሚቴው ወንበሮች ቢያንስ አንዱ ከተመዘገበች ሁለት ዓመት ላልሞላት አባል ይቀመጥ። ሰባቱ የሚክሬቾ ሰዎች ክፉ ስለነበሩ አይደለም የሸክላ ሠሪዋን ችግር ያላዩት፤ እሷ እዚያ ስላልተቀመጠች ነው።

ሦስተኛ፣ ስብሰባችን በአንድ ሰፈር ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየቀበሌው ይዙር። ቡናውም ተረኛዋ አባል ታፍላው፤ ተረኛዋም ማንም ትሁን ማን፣ ሁላችንም ከአንዱ ጀበና እንጠጣ። ይህ ለአንዳንዶቻችን ከብድሩ ሁሉ የከበደ እንደሚሆን አውቃለሁ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ስንት አባል እንዳለን ትጠይቁናላችሁ። ከእንግዲህ ስንት ሴት አመልክታ እንዳልገባችና ለምን እንዳልገባች ጠይቁን። የአንድ ማኅበር ጤንነት ከገቡት ቁጥር ይልቅ ከበሩ ከተመለሱት ይታወቃል።