ከሰል ነው ወይስ ጠላ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ከውጭ የመጣ አንድ ወዳጃችን ሻንጣው ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣትን ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆማት። በዓመት አንዴ፣ እዚያ ብርዱ ሲገባ ብቻ የምትጠመቅ «ድራይ ስታውት» መሆኗን እየተኩራራ ነገረን። አንዷን ጠርሙስ ለአምስት ተካፈልን፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጉንጭ ብትደርስ ነው።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። አንደኛው «ይሄማ ከሰል ነው!» አለ። አንዷ «ስኳር የተረሳበት ቡና» አለች። ሌላው ብርጭቆውን ገፋ አደረገና «ጥቁር ቢራ ባህላችን አይደለም፣ ይቅርብን» ብሎ የተለመደውን ቢራውን አዘዘ። አራተኛው ግን ዝም ብሎ ቀመሰ፤ ደገመና «ኧረ እናንተ፣ ይሄ እኮ የአክስቴ ጠላ ነው» አለ። ሳቅንበት። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። አንብቤ አንብቤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፦ ከአምስታችን ትክክለኛው እሱ ነበር።

(ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

*

ከስሙ እንጀምር። «ስታውት» የሚለው ቃል መጀመሪያ ከጥቁረት ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም፤ «ጠንካራ» ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ «ፖርተር» የሚባል ጠቆር ያለ ቢራ ነገሠ። ስሙን ያወጡለት ከወደብና ከገበያ ዕቃ የሚያመላልሱ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ዋነኞቹ ጠጪዎቹ እነሱ ነበሩና። ከፖርተሩ ጠንከር ያለው «ስታውት ፖርተር» ተባለ፤ ሲቆይ ሁለተኛው ቃል ተቆረጠና ስታውት ብቻ ቀረ። «ደረቅ» የሚባለው ደግሞ ጣፋጭነት ስለሌለው ነው። እርሾው የብቅሉን ስኳር አብዛኛውን ይበላዋል፤ ምላስ ላይ የሚቀረው የተቆላው እህል ምሬት ነው።

አየርላንድስ? አርተር ጊነስ በ1759 ደብሊን ውስጥ የሴንት ጄምስ ጌትን መጥመቂያ ሲከራይ፣ ውሉ ለ9,000 ዓመት፣ ኪራዩም በዓመት 45 ፓውንድ ነበር። (አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የተከራያችሁ፣ አይዟችሁ።) ሰውየው ያኔ ይጠምቅ የነበረው ኤል የሚባለውን ቢራ ነው። ፖርተር ከእንግሊዝ በመርከብ እየመጣ ገበያውን ሲሻማው እሱም ፊቱን ወደዚያ አዞረ፤ በ1799 ፋብሪካው ኤል መጥመቁን ጨርሶ ተወ። ዛሬ የአየርላንድ ባንዲራ እስኪመስል ድረስ የምናውቀው መጠጥ፣ በልጅነቱ ከለንደን የገባ ፋሽን ነበር ማለት ነው።

*

ያ ጓደኛዬን «ከሰል» ያሰኘው ጣዕምስ ከየት መጣ? ብታምኑም ባታምኑም፣ ግማሹ ከግብር ሰብሳቢው ቢሮ ነው።

የድሮው ፖርተር የሚሠራው በእንጨት እሳት ከደረቀ ቡናማ ብቅል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጠማቂዎች ሃይድሮሜትር የሚባል መለኪያ ያዙ። ሲለኩት ቡናማው ብቅል የሚሰጠው ስኳር ነጣ ካለው ብቅል በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ብቅል ደግሞ ግብር የሚከፈልበት ውድ ነገር ነው። ስለዚህ ነጣ ወዳለው ብቅል ዞሩ። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ቢራው ነጣ! ጠጪው ጥቁር ለምዷል፣ ዓይኑ አልቀበል አለ። ጠማቂዎቹ በተቃጠለ ስኳርና በሌላም በሌላም ማጥቆር ጀመሩ። በብቅል ግብር የሚኖረው መንግሥት ይሄን ዝም ብሎ አላየም፤ በ1816 በወጣ ሕግ ከብቅልና ከሆፕስ ሌላ ነገር ቢራ ውስጥ ማስገባት ተከለከለ።

በዓመቱ፣ በ1817፣ ዳንኤል ዊለር የሚባል እንግሊዛዊ የቡና መቁያ በሚመስል፣ እሳት ላይ በሚሽከረከር የብረት በርሜል ብቅልን እስኪጠቁር የመቁላት ዘዴውን አስመዘገበ። ጥቁሩ ብቅል ያው ብቅል ስለሆነ ሕጉን አይጥስም፤ ጥቂቱ ደግሞ ብዙውን ያጠቁራል። እዚህ ላይ መንገድ ተለያየ። የለንደን ጠማቂዎች ቡናማውን ብቅል ጨርሰው አልጣሉትም። የአየርላንዶቹ ግን በነጣውና በጥቁሩ ብቻ ቀጠሉ። ያ ቀለል ያለ፣ ደረቅ ያለ፣ ቡና ቡና የሚለው ጣዕም የተወለደው ከዚህ ምርጫ ነው።

በ1880 የግላድስተን መንግሥት ግብሩን ከብቅሉ ላይ አንስቶ ወደ ቢራው አዛወረው። በዚህም ያልበቀለ እህል መጠቀም ተፈቀደ፤ ኋላም ጊነስ ጥቁሩን ብቅል በተቆላ ጥሬ ገብስ ተካው። (ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት እህል ሲጠፋ መንግሥት የብሪታኒያን ቢራ እንዲቀጥን አስገደደ፤ አየርላንድ ላይ የተጣለው ገደብ ግን ላላ ያለ ነበር። የለንደን ፖርተር ቀጠነ፣ ቀጠነና በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጠፋ። የአየርላንዱ ወንድሙ ተረፈ። ያ ክሬም የመሰለው፣ ሰው «ጥንታዊ» ብሎ የሚያደንቀው አረፋ እንኳ ማይክል አሽ የተባለ የጊነስ የሒሳብ ሊቅ ከቡድኑ ጋር ናይትሮጅንን ከቢራው ጋር አዋሕዶ በ1959 ያመጣው ነው።

ጠጪዎችስ ምን ይላሉ? የሚሉት አያልቅም። ኮርክ ከተማ ብትሄዱ ጊነስን ትተው የከተማቸውን መርፊስ ወይም ቢሚሽ የሚሉ አሉ። ጥቁር ስለሆነ ምግብ ነው፣ ከባድ ነው፣ ያሰክራል የሚሉም አሉ። የበርሜሉ ጊነስ አልኮል ግን 4.2 በመቶ ነው፤ ካሎሪውም ከብዙ ቢጫ ቢራዎች ያንሳል። ለዚህ እምነት ፋብሪካውም እጁ አለበት፤ በ1929 የጀመረው ማስታወቂያ ጊነስ ለጤና ይጠቅማል የሚል ነበር፤ አየርላንድ ውስጥም ለደም ለጋሾች ይሰጥ ነበር።

*

አሁን ወደ አክስትየው እንመለስ።

ጠላ ሲጠመቅ ብቅልና ጌሾ ብቻ አይበቃም። አሻሮ አለ። አሻሮ ምንድን ነው? ሳይበቅል ተቆልቶ የሚፈጭ ገብስ! የጠላውን ቀለምና ያንን የተቆላ ሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። ደብሊን ከስንት የግብር ሕግ በኋላ የደረሰባት የተቆላች ጥሬ ገብስ እናቶቻችን ምጣድ ላይ አለች። በሆፕስ ቦታ ጌሾ፣ በብረት በርሜል ቦታ ምጣድ። ሁለቱ አንዱ ካንዱ አልተማሩም፤ ገብስ ያለው ሰው እሳት ሲያገኝ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት።

እና «ባህላችን አይደለም» ላለው ወዳጄ እንዲህ ልበለው፦ አንተ «ባህላችን» ብለህ ያዘዝከው የፋብሪካ ቢራ አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ የሚጀምረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በተቋቋመበት በ1922 ነው። ጥቁሩም ቢሆን እንግዳ አልነበረም፤ ሐረር ቢራ ሐኪም ስታውትን ጠምቆልን ያውቃል። የገፋኸው ጣዕም ከመረጥከው ይልቅ ለአያትህ ቤት ይቀርባል። አትውደደው፣ መብትህ ነው። ግን «የሰው አገር ነው» ብለህ አትግፋው።

አንድ ነገር ግን አንገበገበኝ። የስታውትን ታሪክ እስከ ብቅሉ ዓይነት ድረስ ማወቅ የተቻለው የለንደንና የደብሊን ጠማቂዎች ምን ያህል ብቅል፣ ምን ያህል ሆፕስ እንዳስገቡ በመዝገብ ስለጻፉ ነው። ግብር ሰብሳቢው ይቆጣጠራቸዋላ! የአክስትየውን ጠላ ማን መዘገበው? አሻሮው እስከምን ድረስ ይቆላል፣ ጌሾው መቼ ይገባል፣ ድፍድፉ ስንት ቀን ይቆያል፣ ይሄ ሁሉ ያለው እጇ ላይ ነው። ልኬቱም «አይቼ» ነው። እሷ ስታልፍ አብሮ ያልፋል፤ የለንደን ፖርተር ሲጠፋ ቢያንስ መዝገቡ ቀርቷል።

ስለዚህ በማግስቱ ለዚያ ለአራተኛው ወዳጄ ደወልኩና «አክስትህ ጋ ሂድ፣ ደብተር ይዘህ» አልኩት። ሳቀብኝ። ማታ ላይ ግን የስልክ መልእክት ላከልኝ፦ «አሻሮው ንብ እስኪመስል ነው የሚቆላው ብላለች። ንብ ስንት ዲግሪ ነው?»

እኔም አላውቅም። ብቻ ጽፈነዋል።